ያቺ አንድ ሰዓት ከማን ተወሰደች?

ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዓምድ ላይ ስለ እናቶችና ስለ ሩጫ አንድ ጽሑፍ አቅርቤላችሁ ነበር። ያነበባችሁት ታስታውሱ ይሆናል፤ ያላነበባችሁትም ብዙ አልቀረባችሁም። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «ጊዜ የለኝም ማለት ሰበብ ነው፤ የቤት እመቤትም ሆነች የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ማንኛዋም እናት ከቀኗ ላይ አንዲት ሰዓት ቆርሳ ለጤንነቷ ማዋል ትችላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ያን ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ በጣም ተደስቼበት ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ያንኑ ለማረም ነው። የጋዜጣ እርማት ብዙውን ጊዜ ከገጹ ግርጌ በትናንሽ ፊደል ይወጣል፤ የእኔው ግን ሰፋ ያለ ቦታ የሚፈልግ ሆኖ አገኘሁት።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ አንዲት አንባቢ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደወለችልኝ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥታ ለልጇ ምሳ ቋጥራ፣ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለፋብሪካው ሰርቪስ እንደምትደርስና ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ቤቷ እንደምትገባ በእርጋታ ዘርዝራ ከነገረችኝ በኋላ፣ «ታዲያ እኅቴ፣ ቁረሺ ያልሽኝ የትኛዋን ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ብልጥ መስሎኝ «እሁድስ?» አልኳት። ሳቀች። ስድብ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር፤ ሳቁን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። እሁድ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሊጥ የሚቦካበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቀን መሆኑን እኔም እንደማንኛዋ ሴት አውቀው ነበርና።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ በተመለስኩ በዓመቱ፣ ዝግጅት ክፍላችን ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ከደረጃው መካከል ቆሜ ማረፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ አካባቢ ስልክ የምነጋገር በመምሰል ነገሩን ሸፋፈንኩት። በኋላ ግን ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር የደም ግፊቴ ከፍ ማለት መጀመሩ ተነገረኝ። ጨው ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ ተባልኩ። ጨው መቀነሱ ቀላል ነበር።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ጃን ሜዳም ሩቅ አይደለም። አንድ ማለዳ የባለቤቴን ያረጀ ቱታ ለብሼ፣ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ወጣሁ። አንድ ደቂቃ እሮጥና ሁለት ደቂቃ እራመዳለሁ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ልቤ ካፌ ልትወጣ ደርሳ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጀማሪ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይህን ሳላውቅ ስንፍና ብቻ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ኋላ ላይ ዘዴውን አገኘሁት። ጀማሪን የሚያሰናክላት ፍጥነት ነው። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፈጥኗል ማለት ነው። እኔም የሸመታ ዝርዝሬን ድምፄን አውጥቼ እላለሁ፤ «ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልብስ ሳሙና፣ የትልቋ ደብተር» ብዬ ሳልቆራርጥ ከጨረስኩ እርምጃዬ ልክ ነው፤ «ሽንኩርት» ላይ ከቀረሁ እቀንሳለሁ። በሁለት ወር ተኩል ገደማ ሳላርፍ ግማሽ ሰዓት መሮጥ ቻልኩ። ያን ቀን ጃን ሜዳ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም ስላላየኝ ዛሬ ልንገራችሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያለችውን አዲስ አበባ የማያውቋት ብዙ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ኪዳን የሚያደርሱ እናቶች፣ ዳቦ ለማከፋፈል ሣጥን የተሸከሙ ልጆች፣ ጎዳና የሚጠርጉ ሴቶች መንገዱን ይዘውታል። ከእንጦጦ በኩል ደግሞ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ጀርባቸው ለመሬት ቀርቦ፣ ሸክሙ ከቁመታቸው በልጦ። የረጅም ርቀት ጉዞን ለእነርሱ የሚያስተምር የለም። አንዲት ጠራጊ መጥረጊያዋን ተደግፋ «አንቺ ልጅ፣ ማን አባረረሽ?» አለችኝ። «ደም ግፊት» አልኳት። «አይ! እኛን አያባርረንም፤ አያገኘንማ!» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ስለ ውሻና ስለ ለካፊ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ውሻ ሲጮህ መሮጥ ትቶ መራመድ ይሻላል። ለካፊን በተመለከተ ያገኘሁት መድኃኒት አንድ ነው፤ ብቻ አለመሆን። የሰፈራችን ሁለት ሴቶች፣ አንዷ መምህርት ሌላዋ ነርስ፣ በሦስተኛው ወር ተቀላቀሉኝ።

ከውሻው ይልቅ የቡናው ሸንጎ ነበር የጠነከረብኝ። «ባሏ ዝም ይላታል?» የሚለውን እንደቀልድ አሳለፍኩት። አንዲት የማከብራቸው እናት ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ የወለደች ሴት አትሮጥም፤ ማኅፀንሽ ይወርዳል» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ኋላ ሳነብ እንዲህ ያለውን ፍርሃት የዓለም የስፖርት ሹማምንትም ሲያምኑበት እንደኖሩ ተረዳሁ። በ1920 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ አንዳንዶቹ ሲጨርሱ ደከማቸው ተባለና ውድድሩ ለ32 ዓመት ተሰረዘ። የተመለሰው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1952ቱ የሮም ኦሊምፒክ ነው። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ፣ 10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ሴኡል ላይ ነው። እንግዲህ ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቁን ስታጠልቅ፣ ርቀቱ በኦሊምፒክ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። ከዚያም በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ደራርቱም ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ1ዐኛው ዓመት ግድም ደግሞ፣ ጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

ይህን ሁሉ ለእኚያ እናት በቡናው ላይ ዘረዘርኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «እሷ ስትሮጥ ልጇን ማን ይዞላት ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ስፖርተኞቻችን በጻፍኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ስለ ሰዓቱና ስለ ወርቁ እንጂ ስለዚህ መጠየቅ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጥያቄውንም እንደዋዛ አለፍኩት።

እርግጥ ነው፣ የእኚያ እናት ስጋት ፍሬ የለውም ማለት አይደለም። ከወሊድ በኋላ የዳሌ ወለል ጡንቻ ይላላል፤ ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ ሩጫ መጀመር አይመከርም። ስትሮጥ ሽንት የሚያመልጣት ወይም ወደ ታች የመጎተት ስሜት ያላት እናት ሩጫውን አቁማ ባለሙያ ታማክር፤ አፍራ የምትደብቀው ብዙ ሴት አለች፣ ነገሩ ግን በእንቅስቃሴና በሕክምና የሚሻሻል ነው። የምታጠባ እናትም አጥብታ ብትወጣ ለራሷም ለሕፃኑም ይቀላታል። ስለ ምግብ ሲጠይቁኝ በሶን አመሰግናለሁ፤ በውኃ ተበጥብጦ ከረጅም ሩጫ በኋላ እንደርሱ ያለ አላገኘሁም። ሻይና ቡናን ግን ከምግብ ጋር አታስከትሉ፤ ከምግቡ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ፤ ደም የሚያንሳት ሴት ደግሞ ሮጣም አትዘልቅ።

በመጋቢት ወር «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሮጥኩ። በኅዳር ደግሞ ታላቁን ሩጫ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን፣ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረስኩ። ግማሹ ሰው እየዘፈነና ውኃ እየተረጫጨ ስለሚሄድ ሰዓቴን የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያው ሰሞን ነው። የሰከረ ሰው ደብዳቤ እንደሚጽፍ ያለ ነበር።

ከዚያ ልቤ ከፍ አለ። የሐዋሳውን ግማሽ ማራቶን፣ 21 ኪሎ ሜትሩን፣ ልሮጥ ቆረጥኩ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች በመሆኗ እስትንፋስ ይበረክታል ብለው መከሩኝ። የ14 ሳምንት መርሐ ግብር አወጣሁ፤ ከሳምንቱ የሥራ ቀናት በአራቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ 5 ኪሎ ሜትር፣ እሁድ ማለዳ ደግሞ ከ10 እየጨመርኩ የምሄድበት ረጅም ሩጫ። ለዚሁ የገዛሁት ደብተር አለ፤ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የተሰማኝን እጽፍበታለሁ። የርቀት ሩጫ ምስጢሩ ብርታት ሳይሆን ድግግሞሽ ነውና ደብተሩ ሲሞላ እንደ ቁጠባ ደብተር ደስ ይል ነበር።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

የግቢያችን በር እንደ ብዙዎቻችን ቤት ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ነበር። ሌሊት የወጣ ሰው ከኋላው የሚዘጋለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ስወጣ የምትዘጋልኝ የቤታችን ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋ 19 ነው፤ ከገጠር ከመጣች አራተኛ ዓመቷ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። ከትምህርት ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ትመለሳለች፤ የእራቱን ዕቃ አጥባ፣ ቀጣዩን ቀን አሰናድታ፣ ደብተሯን የምትገልጠው ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው። 5 ሰዓት ሳይሆን አትተኛም። ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ በዚህም ለሰው እመካ ነበር።

በሩን ከዘጋች በኋላ ተመልሳ አትተኛም። የመቀርቀሪያው ድምፅ ትንሹን ልጄን ስለሚቀሰቅሰው ታዝለዋለች። አዝላው ምድጃ ታቀጣጥላለች፣ ፍርፍር ትሠራለች፣ የትልቋን ምሳ ዕቃ ትሞላለች። እኔ በ12 ሰዓት ፊቴ በርቶ፣ ላቤ ደርቆ ስመለስ ሻይ ተቀድቶ ይጠብቀኛል። «ቤቴ ጸጥ ብሎ ይቀበለኛል» ብዬ በደብተሬ ላይ ጽፌ አግኝቼዋለሁ። እሁድ የእረፍት ቀኗ ነው፤ አክስቷ ዘንድ የምትሄድበት። እኔ ከረጅሙ ሩጫ ተመልሼ፣ ውኃ ተሞቆልኝ ታጥቤ፣ በልቼ፣ ጉልበቴን ዘርግቼ ሳበቃ ግን የእሷ እሁድ ሦስት ሰዓት ጎድሎ ይጀምራል። አንድ ቀንም «ቆየሽብኝ» አላለችኝም። አትልም። ማን ናትና ትላለች?

በየካቲት ወር የግማሽ ዓመት ውጤቷን ይዛ መጣች፤ ካርዱ ላይ አሳዳጊ ይፈርማልና። ሒሳብ 38 ይላል። እኔ ያን ለታ ጋዜጣው ለማተሚያ ቤት የሚሰጥበት ቀን ስለነበረ ደክሜና ተበሳጭቼ ነው የገባሁት። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ «ለምንድን ነው የማታጠኚው? እኔ ይህን ሁሉ የምደክመው ለማን ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት፣ ድምፅዋ ሳይሰማ በሚቀር ሁኔታ፣

«እትዬ፣ እንቅልፍ አልጠግብም» አለች።

ፈረምኩላት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ «ሂጂ ተኚ» አልኳት፤ ዕቃው ገና ሳይታጠብ።

ማታውን ያንን ደብተሬን አወጣሁና ከኋላ ገጹ ላይ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። በሳምንት 4 ሌሊት፣ በየሌሊቱ 1 ሰዓት፣ ለ14 ሳምንት፤ 56 ሰዓት። እሁድ እሁድ 3 ሰዓት፤ 42 ሰዓት። በድምሩ 98 ሰዓት። ከፊት ለፊት ገጾቹ ላይ የእኔ 446 ኪሎ ሜትር በቀይ እስክሪብቶ ተደምሮ ይታያል። ከቀኔ ላይ ቆርሼ ያገኘኋት ያቺ አንድ ሰዓት ከእኔ ቀን አልተቆረሰችም ነበር። ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ እኔ የምቆርስበት ሰው ነበረኝ፣ እሷ የላትም።

ሐዋሳ ሳልሄድ ቀረሁ። ለሰው ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፤ ውሸት ነበር።

ሩጫውን ጨርሶ ልተወው ያልኩበትም ሳምንት ነበር። መምህርቷ ጓደኛዬ ነች የተቃወመችው። «አንቺ ብትተዪው ልጅቱ የምትተኛ ይመስልሻል? በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይፈጠርላታል» አለችኝ። ነገሩን ሳስበው እውነቷን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ በሌሊት የሚቀሰቀሰው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነበር። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር መነጋገር ግድ ሆነ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲያነብም እንዳይከፋው አስቀድሜ አሳይቼዋለሁ። ስሮጥ ደስ ይለዋል፤ ለጓደኞቹ «የእኔ ሚስት እኮ ሯጭ ናት» ይላል። ያን ምሽት ነገሩን ስነግረው ግን መጀመሪያ ያለኝ «እኔ መቼ ከለከልኩሽ? ፈቅጄልሽ የለ እንዴ!» የሚል ነው። አንባቢዎቼ፣ ይህን «ፈቅጃለሁ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ስጦታ ስቆጥረው ኖሬአለሁ፤ ቤታቸው የተከለከሉ ጓደኞች አሉኝና። ያን ምሽት ግን ደብተሩን ከፊቱ ዘርግቼ «አንተ ስትፈቅድ ምን ከፈልክ?» አልኩት። ፈቃዱን የሰጠው በእንቅልፍ ላይ ሆኖ ነበር፤ እኔ የወሰድኩትም ከሌላ ሰው እንቅልፍ ነው። ቁጥሮቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ከዚያ «ፍርፍር አልችልም» አለ። መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ እምቢታ ቆጥሬው ልቆጣ ነበር፤ ለካስ የመስማማቱ መጀመሪያ ኖሯል።

አሁን ያለንበትን እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተ ቤት ይሠራል ብዬ ሳይሆን እንዲያው የእኛው ይህን ስለሚመስል ነው። አስቀድመን በሩ ላይ ከውጭም ከውስጥም የሚከፈትና የሚዘጋ ቁልፍ አስገጠምን። ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። 98 ሰዓት በዚህ ይድን እንደነበረ ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። በሳምንት የምሮጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ሌሊት እኔ ስወጣ ባለቤቴ ይነሣል፤ ቁርስና ምሳ ዕቃ የእርሱ ነው፣ ወጡን ረቡዕ ማታ እኔ ሠርቼ አሳድራለሁ። ረጅሙ ሩጫ በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ሆነ፤ በመካከል ያለው እሁድ የባለቤቴ ነው፣ ለእድሩም ለወዳጆቹም። ልጅቱ ግን በማንኛውም እሁድ ከነቃችበት ሰዓት ጀምሮ የራሷ ናት። ውኃዬን ራሴ አሞቃለሁ።

ሦስተኛዋን ሩጫ ያገኘኋት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው። ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ሰልፍ እይዝ ነበር፤ ሰልፉና መንገዱ ተደምሮ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። እስከ ቤቴ ያለው ርቀት ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማክሰኞ ጫማዬን ቢሮ ቀይሬ፣ ቀሚሴን በከረጢት ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ ሰልፈኛው እያየኝ ሮጬ ሄድኩ። ዳገት ስላለበት ፍጥነት የለውም፤ ቢሆንም ሰልፉ ላይ ከፊቴ ቆመው የነበሩ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ በኋላ ነው ሰፈር የደረሱት። ይህቺ ከማንም ያልወሰድኳት ሰዓት ናት፤ ከታክሲ ሰልፍ በስተቀር። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ «ትላንት የተሰረቀብሽ ነገር ነበር እንዴ?» እያሉ ቀለዱብኝ፤ አሁን ግን ለምደውታል። በክረምት ጭቃውና ጨለማው አያስኬድም፤ ያን ጊዜ እቀንሳለሁ።

እንዲህ እየሮጡ 21 ኪሎ ሜትር ይደረሳል ወይ ላላችሁኝ፣ ይደረሳል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ረጅሙ ሩጫዬ አሁን 14 ኪሎ ሜትር ደርሷል። በቀድሞው መርሐ ግብር በሦስት ወር የምደርስበትን ዓመት ሊፈጅብኝ ነው። አንዳንድ ሐሙስ ባለቤቴ አምሽቶ ሲገባ አልወጣም፤ እናደዳለሁም። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ደረቅ ዳቦና ሁለት ያልተላጠ እንቁላል ስታገኝ መምህሯ ስልክ ደውላ «ቤት ሰላም ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ሰላም ነው አልኳት። ለአባትየው መደወልዋን ግን አላሰበችበትም፤ የእርሱም ስልክ ቁጥር እዚያው ካርዱ ላይ አለ።

የልጅቱ የሁለተኛ መንፈቅ የሒሳብ ውጤት 54 ሆነ። ለማለፍ ይበቃል፤ እሷ ግን አልተደሰተችም፣ 70 ጠብቄ ነበር አለች። አሁን 10ኛ ክፍል ናት። ሐሙስ ከሩጫ ስመለስ ቁልፉን ቀስ ብዬ ነው የማዞረው። ጫማዬን ደጃፍ ላይ አወልቃለሁ። የእሷ በር ዝግ ነው፤ ከኩሽና የሚቃጠል ቂቤ ይሸታል፤ ትንሹ ልጄ በአባቱ ጀርባ ላይ ሆኖ «እማዬ መጣች!» ብሎ ሊጮህ ሲል ሁለታችንም «እሽሽ!» እንለዋለን።

ያቺን የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ምን እንደምላት እስካሁን አላገኘሁም። የምትዘጋው በር ያላት፣ የምትቀሰቅሰው ሰው የሌላት፣ ልጇን ለጎረቤት የምትሰጥ ሴት ናት። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ቢኖር አንድ ነገር ነው፤ ሰርቪሱ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢነሣም ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ እኔና ባለቤቴ ማታ ቁጭ ብለን የምንስማማባቸው አይደሉም፤ አሠሪዎች የሚጠየቁባቸው ናቸው። በሚቀጥሉት ጊዜያት በዚሁ ዓምድ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ስልክ ቁጥሯን አልያዝኩም ነበር። ይህን ጽሑፍ ካነበበች ወይም የሚያውቃት ካነበበላት፣ እንደገና ትደውልልኝ። በሥራ ቀን ካልተመቻት እሁድም ብትደውል አነሣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይሁን እንጂ።